አናጢ ነበሩ ብላችሁ ጻፉ

ሰሞኑን ጡረታ የወጡ የአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቀብር ላይ ነበርኩ። ተናድጄ ተመለስኩ። የተናደድኩት በሟቹ አይደለም፤ በቤተሰባቸውም አይደለም። በእኛ ነው። ሰው ሲሞትብን በምንጽፈው የሕይወት ታሪክ ነው።

ሟቹ ጎረቤቴ ነበሩ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሳቸው እዚህ ሰፈር ቤት ሲገዙ እኛ አብዛኞቻችን አልተወለድንም ነበር። ሰማንያን ያለፉ፣ ጉልበታቸው ያስቸገራቸው፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ነበሩ። ብርዱ ሊገባ ሲል እየዞሩ «የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ ዘጋችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያልዘጋ ካለ ራሳቸው ምድር ቤቱ ወርደው ይዘጉለታል። ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ከሆነ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ቤቱ በውሃ ይጥለቀለቃል። ይህን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ለዚህ ሁሉ ከማንም ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

ቤተሰቡ ያወጣውን የሕይወት ታሪክ ከቀብሩ በፊት አነበብኩት። እዚህ አገር ይህ ጽሑፍ የቀብር አስፈጻሚው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ጋዜጣ ላይ የሚያሳትምም አለ፤ ጋዜጣው ግን የሚያስከፍለው በጽሑፉ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሰው የሚጽፈውን መርጦ ይጽፋል። የጎረቤቴ ታሪክ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የቧንቧ ሠራተኛ እንደነበሩ ይናገራል። አያፍርም፣ አያድበሰብስም። ከጦር ሠራዊት ሲመለሱ በለማጅነት ገቡ ይላል። አምስት ዓመት ቀን ቀን ከባለሙያ ጋር ሠርተው ማታ ማታ ተማሩ። የባለሙያ ፈቃድ አወጡ፣ ቆይተው የዋና ባለሙያ ፈቃድ ጨመሩ። የየትኛውን ሆስፒታል ቱቦ እንደዘረጉ፣ የየትኛውን ትምህርት ቤት ማሞቂያ እንደገጠሙ ተጽፏል። ያሠለጠኗቸው ልጆች ተጠቅሰዋል። ማኅበራቸው የሰጣቸው የ50 ዓመት የአባልነት ፒን ተጠቅሷል። ለስንብት ስንሄድ ፒኑን ኮታቸው ላይ አየሁት። የሚቀበሩት ከእሱ ጋር ነው።

እሱን ፒን ሳይ ቆየሁ። የአሜሪካና የካናዳ ቧንቧ ሠራተኞችን ያሰባሰበው ትልቁ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1889 እዚሁ አጠገባችን፣ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። የአናጢዎቹ ደግሞ በ1881 ቺካጎ ላይ ተመሠረተ። የለማጅነት ሥልጠና የራሱ የፌዴራል ሕግ ያገኘው በ1937 ነው። አንድ ልጅ ቧንቧ ልሥራ ብሎ ሲነሳ የሚገባበት በር አለው፣ የሚወጣው ደረጃ አለው፣ ሲያረጅ የሚጦርበት አለው። ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ ሥራውን ስሙ አጠገብ ይጽፍለታል።

ሥነ ሥርዓቱ ላይ ትልቋ ልጃቸው ተነስታ ተናገረች። አባቷ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ምድር ቤት ወርዶ ልብሱን ይቀይራል። እጁን አሸዋ አሸዋ በሚል ሳሙና ይፈትጋል። እስኪጨርስ ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። ከዚያ ነው የሚያቅፋቸው። የእናታቸውን ማብሰያ ቤት ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንደሠራው፣ ሦስቱንም ጊዜ እሷ እንደምትፈልገው እስኪሆን እንዳልተወ ተናገረች። ሰው ሳቀ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀጥላ የመሣሪያ ሣጥኑን የወረሰችው የልጅ ልጁ እንደሆነች ነገረችን። ልጅቷ ራሷ ለማጅ ናት፣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከኋላ የተቀመጡት የማኅበሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማስበው አጎቴን ነበር።

አጎቴ አናጢ ነበሩ። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ግቢያቸው ጥግ ላይ ቆርቆሮ ጥለው ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሠሩ። ከዋንዛ ቁም ሣጥን ይሠራሉ፣ ቡፌ ይሠራሉ፣ በርና መስኮት ይሠራሉ። ሰፈሩ ውስጥ የእሳቸው እጅ ያልገባበት ቤት ብትፈልጉ አታገኙም። ሙሽራ የተኛበት አልጋ የእሳቸው ነው፤ ዓመት ቆይቶ ለሚወለደው ልጅ የሚሠራው ትንሿም አልጋ የእሳቸው ነው። ምስማር ማብዛት አይወዱም። እንጨቱን እርስ በርሱ አነካክሰው፣ በኮላ አጣብቀው፣ በማሰሪያ ጨምቀው ያሳድሩታል። ጠዋት መጥተው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም መዳፋቸው አልደከመም። አንድ ሳንቃ ትንሽ ከተጣመመ ሳያዩት ያውቁታል።

በሌሊት በር የሚንኳኳባቸው ሰውም ነበሩ። ሰው ሲሞት ነው። ያኔ የሬሳ ሣጥን እንደ ዛሬ ከሱቅ ተመርጦ የሚገዛ አልነበረም፣ ቢያንስ ለእኛ ሰፈር ሰው። አጎቴ በፋኖስ ይሠሩና ሲነጋ ያስረክባሉ። ከድሃ የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ይቀበላሉ፣ አንዳንዴም እሱን ይተዉታል። ባለቤታቸው አንድ ቀን እንኳን «ልጆችህስ?» ብለው ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። እሳቸውም ተነስተው ፋኖሱን ይይዙላቸዋል እንጂ።

ደግሞ አባት ነበሩ። ስንት አባት አይተናል፣ ልጁ ሲገባ ወሬ የሚያቆም። አጎቴ ልጆቻቸውን ሥራ ቦታቸው አስቀምጠው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ፊደሉን በጠመኔ የሚጽፉት የተላገ ሳንቃ ላይ ነው። ሲበቃ በመላጊያ አንዴ ያሳልፉበትና ሳንቃው እንደገና ንጹሕ ይሆናል። እኔም እዚያ ተቀምጬ ሀሁ ቆጥሬያለሁ።

አጎቴ ያረፉት አምና ነው። እኔ መሄድ አልቻልኩም። ቀብሩን የተከታተልኩት በስልክ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ። ሕዝቡን ስታዩ ደስ ይላል። እድሩ እንዳለ ወጥቷል፣ ሰፈሩ እንዳለ ወጥቷል። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ወረቀት ይዞ ቆመና ማንበብ ጀመረ። አጀማመሩን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው በዚህ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የቄስ ትምህርት ተማሩ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው «በግል ሥራ ሲተዳደሩ ቆይተው» ትዳር መሠረቱ።

ይኸው ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ሥራ በዚህ አለቀ።

የቀረው ወረቀት የልጆቻቸው ነው። የመጀመሪያው ልጃቸው መሐንዲስ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ከዚህ አገር አግኝቷል። ሁለተኛዋ ካናዳ የምትኖር የሕክምና ዶክተር ናት። ሦስተኛው ባንክ ውስጥ በዚህ ኃላፊነት ላይ ይገኛል። ማን ነው የሞተው? እስክል ድረስ። ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ተባለና ወረቀቱ ታጠፈ።

ከሁሉ የከፋው ግን አንባቢው የቆመበት ቦታ ነው። ከጀርባው የቤተ ክርስቲያኑ በር ይታያል። ያንን በር የሠሩት አጎቴ ናቸው። ለስለት ነው የሠሩት፣ ወሊድ የከበዳት ባለቤታቸው ሰላም በመገላገሏ። አሥራ አምስት ቀን ሌላ ሥራ አልተቀበሉም። ልጆች ሆነን ስንሳለም የበሩን ቅርጽ በጣታችን እንከተለው ነበር። ሰውየው እዚያ በር ፊት ቆሞ፣ በሩን የሠሩትን ሰው ታሪክ እያነበበ፣ ስለ በሩ አንድ ቃል አልተናገረም። እሱ ምን ያድርግ፣ የተሰጠውን ነው ያነበበው።

ማታ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አይወቀስም፣ ይገባኛል። ቀስ ብዬ ነው የጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ የጋሼ ሙያ ለምን ሳይጻፍ ቀረ?»

ዝም አለ። ከዚያ «ምን ብለን እንጻፍ?» አለኝ። «አናጢ ነበሩ እንበል? ያ ሁሉ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን በሙሉ በቆሙበት?»

አዎ! አናጢ ነበሩ በሉ! የተማርክበት ክፍያ እኮ ከመላጊያ ሥር የወጣ ነው። ዩኒፎርምህ ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ ነው፣ እናትህ ታራግፍልህ የነበረው። ይህን በስልክ አላልኩትም፣ ሐዘን ላይ ነውና። አሁን ግን እላለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰደብን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰደብን፣ ሸማ የሚሠራውን ሰደብን፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ናት ብለን ከጎረቤት አራቅን። የተቀጠቀጠውን ማረሻ ግን አርሰንበታል፣ የተሸመነውን ለብሰናል፣ በሸክላው በልተናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ሕዝቡ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም ነጋዴውንም እየሰደበ አገር ባዶ እንዳያስቀር ያሰጋቸው ንጉሥ ናቸው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ በአደባባይ «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚሳደብ ሰው ቀንሷል። በምትኩ ዝም እንላለን። ሙያውን ከወረቀቱ እናወጣዋለን። ይህ ለእኔ ከስድቡ ብዙም አይሻልም፤ ስድቡ ቢያንስ ሥራው እንደነበረ ይናገራል።

ትምህርት ቤቱም አላገዘንም። ተግባረ ዕድን የመሰለ ትምህርት ቤት ጣሊያን ከተባረረ ጀምሮ አለን። ነገር ግን ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ምን ነበር የምንለው? ውጤት የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል። ልጁ ብየዳ ወይም የቧንቧ ሥራ የሚመደበው ስለወደደው አይደለም፤ ስለወደቀ ነው። እናትየው ለጎረቤት ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። አሁን በደረጃ የተከፋፈለ ሥልጠና አለ፣ የብቃት ምዘና አለ፣ ወረቀቱ ተሟልቷል። ቤታችን ውስጥ ያለው ዝቅ ያለ ድምጽ ግን እንዳለ ነው።

ጎረቤቴ «ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ» ነበሩ ስል ራሱ ቅናት ይዞኝ ነው። አጎቴ መቼ ጡረታ ወጡ? እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው ያቆሙት። መጋዙ ሁለቴ ካንሸራተታቸው በኋላ። አገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ውስጥ ያስገባው አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እሱም ቢሆን በዋናነት አሠሪና ደመወዝ ላለው ነው። ግቢው ጥግ ላይ ለራሱ የሚሠራ አናጢ ከማን ደመወዝ ላይ ይቆረጥለታል? እዚህ በራሱ የሚሠራ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ራሱ ስለሚከፍል ሁሉም ያማርራል፤ ሲያረጅ ግን በየወሩ ገንዘቡ ይመጣለታል። የአጎቴ ጡረታ ልጆቻቸው ነበሩ። ልጆቻቸው ደግሞ በደንብ ጦረዋቸዋል፤ ይህን አልክድም። መድኃኒታቸው አንድ ቀን አልተቋረጠም። ታዲያ እንዲህ የሚወዱትን አባት ሥራ መጥራት እንዴት ይከብዳል?

አሜሪካኖቹ ሁሉን አሳምረውታል ብዬ እንዳታስቡኝ። የጎረቤቴ ቀብር ከተጀመረ እስኪያልቅ ከሰዓት ብዙም አልበለጠም። ቡናና ኩኪስ ቀረበ፣ ሰው ባለቤታቸውን እያቀፈ መኪናውን አስነሳ። ልጆቹ በማግሥቱ ወደየግዛታቸው በረሩ። አሮጊቷ እዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ቀሩ። ድንኳን የለ፣ ፍራሽ የለ፣ ሳልስት የለ፣ ምሳ ይዞ የሚመጣ የለ። እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ እየሄድን ቁጭ ስንል መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ምን ፈልገን እንደመጣን ጠየቁን። «ምንም፣ አብረንዎት ልንቀመጥ ነው» አልናቸው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ የበረንዳውን መብራት እያበሩ ይጠብቁን ጀመር። ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው እኛ ነን የምናውቅበት። በዚህ ማንም አይበልጠንም። የአጎቴ ሚስት አርባው እስኪያልፍ ቤታቸው ሰው አልጎደለበትም።

ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ሰውን እንዲህ አክብረን የምንቀብር ሕዝብ፣ ሥራ ትተን፣ ዝናብ ላይ ቆመን፣ እድር ከፍለን፣ ስንቀብረው ግን ሰውየው ምን ሲሠራ እንደኖረ አናነብም።

እዚህ ያለነውም አመሉን ይዘን ነው የመጣነው። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ስትገቡ ትኬት የሚሰጣችሁ ማን ነው? የአገራችሁ ልጅ ነው። ታክሲውን የሚነዳው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሽማግሌ የሚያገላብጠው ማን ነው? እኛ ነን። አንዳችን ስንሞት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነበበውን ስሙት። «ወደ አሜሪካ በመምጣት በተለያዩ የሥራ መስኮች ሲያገለግሉ ቆይተው።» የቱ መስክ? ሰውየው ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድቶ አራት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ሲሞት ታክሲዋ ትደበቃለች። አንድ ወዳጄን ባለፈው ዓመት ስንቀብር እንዲሁ ሆነ። አብረውት ያሽከረከሩ ጓደኞቹ ከኋላ ተቀምጠው ስለ እሱ ሥራ የሚባል ሲጠብቁ ነበር። አልተባለም። ከአገር ቤት ይዞት የመጣው፣ አንድ ቀን ያልሠራበት ዲፕሎማ ግን ተጠቅሷል።

ይህን ለዘመድ ሁሉ ስናገር ከርሜያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ብዙ ነው። «አንተ እዚያ ሆነህ ይቀልልሃል» ያለኝ አለ። «የሞተን ሰው ለምን ታነሳሳለህ» ያለኝ አለ። አንዱማ ዶላር ሳልልክ ምክር መላኬን ነገረኝ። ለሬሳ ሣጥኑም ለድንኳኑም ለሁሉም የድርሻዬን ልኬያለሁ፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። የከፋኝ ገንዘቡ አይደለም። ወረቀቱ ሲጻፍ ማንም ሰው ደውሎ «አንተ ልጅ ሆነህ እሳቸው ጋ ትውል ነበር፣ ምን ታስታውሳለህ?» አለማለቱ ነው የከፋኝ። ለድንኳኑ ዋጋ ተደውሎልኛል።

የአጎቴ ባለቤት ብቻ ናቸው የተረዱኝ። ደውዬ ስለ ፋኖሱ ሳነሳባቸው ድምጻቸው ተለወጠ። የሠሩላቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይቆጥሩልኝ ጀመር። የእገሌ እናት ሣጥን፣ የእገሊት የሰርግ አልጋ፣ የትምህርት ቤቱ ዴስኮች። ዴስኮቹን እኔ አላውቅም ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሠርተው፣ ሲከፈት አስረክበው፣ ገንዘቡ ሳይከፈላቸው ዓመት እንደቆየ ነገሩኝ። ጻፍኩት። የእንጨቱን ዓይነት፣ የተማሩበትን ጌታ፣ ያስተማሯቸውን ረዳቶች ጠየቅኳቸውና እሱንም ጻፍኩት። ከረዳቶቹ ሁለቱ ዛሬ የራሳቸው የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። አንደኛውን በስልክ አግኝቼዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ሌላ ሙሉ ገጽ ነገረኝ።

የሙት ዓመታቸው እየደረሰ ነው። የጻፍኩትን ልኬዋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ «አናጢ ነበሩ» ይላል። የአጎቴ ልጅ አንብቦት ጥሩ ነው አለ፤ ግን ረዝሟል፣ ሰው ይሰለቻል፣ እናሳጥረው አለኝ። ማሳጠር ከፈለገ የልጆቹን ዲግሪ ያሳጥር። በሩ፣ ፋኖሱና ዴስኮቹ ይነበባሉ። እሱ ካላነበበው ረዳታቸው ሊያነበው ተስማምቷል።